ባለ ባትሪ መጠባበቂያ፤ ስለ ቤት ኮምፒዩተር መከላከያ ዕቃዎችና ስለ ስያሜያቸው

አንድ ቃል ብዙ ነገር ሲሸከም ጉዳቱ በዕለት ንግግር እምብዛም አይታይም። የሚታየው ቃሉን ይዘን ገበያ ስንወጣ ነው። «መብራት እየጠፋ ሥራዬን አበላሸብኝ፤ ለኮምፒዩተሬ መከላከያ ስጠኝ» ብሎ ወደ ኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ የሚገባ ሰው፣ ፈጽሞ ከተለያዩ ሦስት ሣጥኖች አንዱን ይዞ ሊወጣ ይችላል። ሦስቱም «መከላከያ» ይባላሉ፤ ሦስቱም የሶኬት መሰኪያ አላቸው፤ በሦስቱም ላይ ቀይ ወይም አረንጓዴ ምልክት ይበራል። መብራት ድርግም ባለ ጊዜ ግን ኮምፒዩተሩን ሳይጠፋ የሚያቆየው ከሦስቱ አንዱ ብቻ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን በማዘጋጀት ላይ ያለ ተማሪ፣ ወይም በሰፈሩ የጽሕፈት አገልግሎት እየሰጠ የሚተዳደር ሰው፣ ይህን ልዩነት የሚረዳው የጻፈው ከጠፋ በኋላ ከሆነ ዘግይቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዕቃዎቹ የሚሠሩትን ሥራ ማስረዳትና ሥራቸውን በትክክል የሚገልጹት የአማርኛ ስያሜዎች የትኞቹ እንደሆኑ መመርመር ነው። ስያሜው ሳይጠራ ዕቃውን ማስረዳት፣ ዕቃውም ሳይታወቅ ስያሜ ማውጣት ስለማይቻል ሁለቱን አንድ ላይ እንመለከታለን።

በአማርኛ የኤሌክትሪክ የዘወትር ስሙ መብራት ነው። ሕዝቡ ኤሌክትሪክን አስቀድሞ ያወቀው በአምፑል ብርሃን በመሆኑ ውጤቱ የምንጩን ስም ወሰደ። ከኢጣልያንኛ የመጣው «ኮረንቲ» በአገልግሎት ላይ ቢኖርም፣ በአብዛኛው የሚነሣው አደጋን ለመግለጽ፣ ይኸውም «ኮረንቲ ያዘው» ለማለት ነው። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው መሥሪያ ቤት በስሙ ውስጥ «መብራት»ንና «ኃይል»ን ጎን ለጎን ይዞ ነበር፤ ስሙን ያወጡት ሰዎች ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ ያውቁ እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል። ያ መሥሪያ ቤት በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን ሆነ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልና የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ሕዝቡ ግን ዛሬም ሁለቱን በአንድነት «መብራት ኃይል» ይላቸዋል። ቤት ውስጥ ብረት ምጣድ ሲቀዘቅዝም፣ ምጣዱ እንጀራ ማብሰሉን ሲያቋርጥም፣ ኮምፒዩተሩ ሲጨልምም የሚባለው «መብራት ጠፋ» ነው።

የዚህ ልማድ ውጤት የኤሌክትሪክን መኖርና አለመኖር በዓይን፣ ማለትም በአምፑል ብርሃን መለካታችን ነው። አምፑሉ ከበራ መብራት አለ፤ ካልበራ የለም። ኮምፒዩተር ግን አምፑል ደህና ነው በሚልበት ሰዓት ሊታመም፣ አምፑል ብልጭ ባለበት ቅጽበትም ምንም ሳይሆን ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ «ጠፋ» እና «አለ» ብቻ አይበቁትም።

ደግነቱ አማርኛ በዚህ ረገድ ድሃ አይደለም። ስሙ አንድ ቢሆንም ግሡ ብዙ ነው። ሰው በቤቱ ተቀምጦ የሚለውን ብናዳምጥ «ድርግም አለ»፣ «ብልጭ ድርግም አለ»፣ «ጭል ጭል አለ»፣ «ቦግ አለ» ሲል እንሰማለን። እነዚህ አራቱ ሐረጎች ለአምፑልና ለኩራዝ የተነገሩ ይምሰሉ እንጂ፣ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች በመሣሪያ ለክተው ለየብቻ ከሚሰይሟቸው አራት ክስተቶች ጋር አንድ በአንድ ይገጥማሉ። ድርግም ማለት የኃይሉ ፈጽሞ መቋረጥ ነው። ብልጭ ድርግም ማለት ከሰከንድ ክፍልፋይ እስከ ጥቂት ሰከንድ ተቋርጦ መመለሱ ነው። ጭል ጭል ማለት ደንቡ 220 ቮልት መሆን የሚገባው ወደ 180 ወይም ከዚያ በታች መውረዱ ነው። ቦግ ማለት ደግሞ ከደንቡ በላይ መውጣቱ ነው። ለመዝገበ ቃላት አገልግሎት እነዚህን ወደ ስም መለወጥ አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ በቅደም ተከተላቸው «መቋረጥ»፣ «ቅጽበታዊ መቋረጥ»፣ «የቮልቴጅ ዝቅታ» እና «የቮልቴጅ ንረት» ማለት ይቻላል። «ንረት» ከዋጋ ጋር ስለተለማመደ አንባቢን አያደናግርም። ይሁን እንጂ መፍቻው ሲጻፍ ከጎኑ የቤቱ ሐረግ ቢቀመጥ መልካም ነው፤ «የቮልቴጅ ዝቅታ፤ መብራት ጭል ጭል የሚልበት ሁኔታ» ተብሎ ቢፈታ ከማንኛውም ረጅም ማብራሪያ ይልቅ ቶሎ ይገባል።

አሁን እያንዳንዱ በኮምፒዩተር ላይ የሚያደርሰውን እንመልከት። የእኛ ሀገር ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ስለዚህ አንዱ ምልልስ 20 ሺኛ ሰከንድ ይፈጃል። በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ሣጥን ውስጥ ያለው ኃይል መጋቢ ከግድግዳው የሚመጣው ቢቋረጥበት ባጠራቀመው ብቻ ኮምፒዩተሩን ወደ 16 ሺኛ ሰከንድ ያህል እንዲያቆይ ተደርጎ የሚሠራ ነው። ይህ ከአንድ ምልልስ ያነሰ ጊዜ ነው። ስለዚህ እጅግ አጭር የሆነው ብልጭ ድርግም ሳይታወቅ ያልፋል፤ ትንሽ የረዘመው ግን ለሰው ዓይን ጥቅሻ ያህል ሆኖ ሳለ ኮምፒዩተሩን ከሥር አጥፍቶ ያስነሣዋል። «መብራት እኮ አልጠፋም፤ ኮምፒዩተሩ ራሱ ነው ያበደው» የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

በዚያች ቅጽበት የሚጠፋው ምንድን ነው? እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ቃል ያሳስታል። ኮምፒዩተሩ በሥራ ላይ ያለውን ጽሑፍ የሚይዝበትን ክፍል «ማኅደረ ትውስታ» ማለት ተለምዷል። ማኅደር መጽሐፍ የሚከተትበት የቆዳ ከረጢት ነው፤ የገባበት ነገር ለዘመናት ይቆያል፤ ሰውም ቃሉን ሲሰማ ጽሑፉ በደህና ቦታ ያለ ይመስለዋል። የኮምፒዩተሩ ማኅደረ ትውስታ ግን ኤሌክትሪክ እስካለ ብቻ የሚይዝ፣ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ወዲያው ባዶ የሚሆን ነው። ከቆዳ ማኅደር ይልቅ በጠመኔ ከተጻፈበት ሰሌዳ ጋር ይመሳሰላል። ጽሑፉ ዘላቂ የሚሆነው ወደ ዲስኩ ሲተላለፍ፣ ማለትም «ሴቭ» ሲደረግ ነው። በዲስክ ላይ መጻፍ በመካሄድ ላይ እያለ ከተቋረጠ ደግሞ የሚበላሸው የአሁኑ ጽሑፍ ብቻ ላይሆን ይችላል። በቅርብ ዘመን የተሠሩት የፋይል ሥርዓቶች የለውጡን መዝገብ አስቀድመው ስለሚይዙ የዲስኩን አጠቃላይ አደረጃጀት ያድናሉ፤ ያልተቀመጠውን ገጽ ግን መልሰው አያመጡም።

ጭል ጭል ማለት ከዚህ ይልቅ ዝግ ያለ ጉዳት ያስከትላል። ቮልቴጁ ሲወርድ ኃይል መጋቢው ያንኑ ያህል ሥራ ለመሥራት ተጨማሪ ኮረንቲ ይስባል፤ ይሞቃል፤ ዕድሜው ያጥራል። ቦግ ማለት በተለይ የሚያሰጋው ተቋርጦ የቆየው ኃይል በሚመለስበት ጊዜ ነው። የሰፈሩ ማቀዝቀዣ፣ ምጣድና ፓምፕ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲነሣ ቮልቴጁ ይዋዥቃል። ብዙ ቤተሰብ መብራት ሲጠፋ ሶኬት ነቅሎ፣ ከመጣም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚሰካው ይህን በልምድ ስላወቀው ነው፤ ልማዱም ትክክል ነው።

ወደ ሦስቱ ሣጥኖች እንመለስ። የመጀመሪያው በተለምዶ «ዲቫይደር» የምንለው ማከፋፈያ ሲሆን አንዳንዱ ንረትን የሚገታ አካል በውስጡ ይዟል። ይህ አካል ከልክ በላይ የወጣውን ቮልቴጅ ወደ ሌላ መስመር ያሸሻል፤ በየጊዜው ባሸሸ ቁጥር ግን እያለቀ ይሄዳል፤ ማለቁም ከውጭ ላይታይ ይችላል። ሁለተኛው «ስታቢላይዘር» ነው። ዝቅ ያለውን ከፍ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ አድርጎ ወደ 220 ቮልት ያቀራርባል። የሚያስተካክለው ግን የመጣውን ነው፤ ምንም ካልመጣ የሚያስተካክለው የለም። ሦስተኛው በውስጡ ባትሪ ያለው ሲሆን በገበያ «ዩፒኤስ» ይባላል።

ገዢው የሚሳሳተው ለምን እንደሆነ አንዱ አማርኛ ግሥ በሚገባ ያስረዳል። «ጠበቀ» ሁለት ትርጉም አለው፤ ከጉዳት ተከላከለ ማለትም፣ እስኪመጣ ድረስ ቆየ ማለትም ነው። ዘበኛ ቤት ይጠብቃል፤ ተሳፋሪ አውቶቡስ ይጠብቃል። «ይህ ዕቃ ኮምፒዩተርህን ይጠብቃል» ያለ ነጋዴ ስታቢላይዘር ቢሸጥ አልዋሸም፤ ገዢው ግን «መብራት እስኪመጣ ይጠብቃል» ብሎ ይረዳዋል። ቋንቋው ራሱ መፍትሔውን ይዟል። ከዚሁ ግሥ የወጡ ሁለት ስሞች ሥራውን ለሁለት ይከፍሉታልና፤ «ጠባቂ» የሚከላከለው ነው፤ «ተጠባባቂ» ደግሞ ሌላው ሲጎድል ለመተካት ዝግጁ ሆኖ የሚቆየው ነው። የእግር ኳስ ተጫዋችም፣ የጦር ሠራዊትም «ተጠባባቂ» አለው። ስለዚህ ማከፋፈያውና ስታቢላይዘሩ ጠባቂዎች ናቸው፤ ተጠባባቂው ባትሪ ያለው ብቻ ነው።

ለሦስተኛው ሣጥን ስም ሲፈለግ የመጀመሪያው ፈተና የእንግሊዝኛውን ስያሜ ቃል በቃል መተርጎም ነው። «የማይቋረጥ ኃይል አቅራቢ» የሚለው በዚህ መንገድ የተገኘ ነው። በእኛ አስተያየት ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ «አቅራቢ» በአማርኛ ጨረታ የሚወዳደር ነጋዴን ያስታውሳል። ሁለተኛውና ዋናው ግን ስሙ ሊፈጸም የማይችል ተስፋ መስጠቱ ነው። ይህ ዕቃ ኃይል እንዳይቋረጥ አያደርግም፤ ለጥቂት ደቂቃ ያራዝመዋል እንጂ። «የማይቋረጥ» ብሎ የገዛ ሰው ለሦስት ሰዓት ሊሠራበት ቢያስብ አይፈረድበትም።

ሌላው አማራጭ «የባትሪ መጠባበቂያ» ነው። አጭርና ለጆሮ የሚስማማ ቢሆንም «የ» ሁለት ፊት አላት። «የእህል መጠባበቂያ» ስንል በመጠባበቂያነት የተቀመጠው እህሉ ነው፤ «የበጋ መጠባበቂያ» ስንል ግን ለበጋ የተቀመጠ ማለታችን ነው። ስለዚህ «የባትሪ መጠባበቂያ» ለባትሪ የተቀመጠ ሌላ ነገር ሊመስል ይችላል። በዚያ ላይ «ባትሪ» በአማርኛ ብቻውን ሲነገር በእጅ የሚያዘው ፋኖስ ነው፤ በውስጡ የሚገባውን «ድንጋይ» እንለዋለን። ቃሉ በትውልድ ሀገሩም ቢሆን ብዙ የተጓዘ ነው። ከመምታት ግሥ ወጥቶ በአንድነት የሚተኩሱ መድፎችን ሲያመለክት ቆይቶ፣ ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1749 አያይዞ ለደረደራቸው የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ ጠርሙሶች አውሎታል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ከመድፉም ከጠርሙሱም ርቆ ጨለማ የምንገፍበት ዕቃ ሆነ። እነዚህን ሁሉ ስናመዛዝን «ባለ ባትሪ መጠባበቂያ» የሚለውን እንመርጣለን፤ «ባለ» የባለቤትነቱን ጥርጥር ታስወግዳለችና። «ዩፒኤስ» በንግግር መቀጠሉ አይቀርም፤ መቀጠሉም አይጎዳም፤ መዝገበ ቃላቱ ተቀብሎት ወደ አማርኛው ቢመራ ይበቃል።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። የፋይል ግልባጭንም «መጠባበቂያ» ማለት እየተለመደ ነው። በመሆኑም አንዱን «መጠባበቂያ ቅጂ»፣ ሌላውን «መጠባበቂያ ኃይል» እያሉ መለየት ይገባል። ቅጂው ያለፈውን ሥራ ያድናል፤ ኃይሉ በእጅ ላይ ያለውን። ባትሪ ያለው ሰው ቅጂ አያስፈልገኝም ቢል፣ ዲስኩ በተበላሸ ቀን ባትሪው ምንም አይረዳውም።

ባለ ባትሪ መጠባበቂያዎች ራሳቸው ሦስት ዓይነት ናቸው። ርካሹ ኃይሉ ደህና ሲሆን ዝም ብሎ ያሳልፋል፤ ሲቋረጥ ከ4 እስከ 10 ሺኛ ሰከንድ በሚሆን ጊዜ ውስጥ ወደ ባትሪው ይዛወራል። ይህ ኃይል መጋቢው ሊታገሥ ከሚችለው 16 ሺኛ ሰከንድ ስለሚያንስ ኮምፒዩተሩ ሳይነቃበት ያልፋል። ይህን በቀጥታ «ተጠባባቂ» ማለት ተገቢ ነው። ሁለተኛው በዚህ ላይ የስታቢላይዘርን ሥራ ደርቦ ስለሚሠራ «አራሚ ተጠባባቂ» ቢባል ይስማማል፤ ጭል ጭል በሚበዛበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህ ይመረጣል፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ቮልቴጅ በወረደ ቁጥር ባትሪውን እየጠራ ቶሎ ያደክመዋል። ሦስተኛው ኃይሉን ዘወትር ወደ ባትሪ ዓይነትና መልሶ ወደ ግድግዳ ዓይነት እየለወጠ የሚመግብ በመሆኑ የመዛወሪያ ጊዜ የለውም። «ዘወትራዊ» ልንለው እንችላለን። ዋጋው ከፍ ያለ፣ የሚሞቅና ማራገቢያው የሚጮህ ስለሆነ ለቤት እምብዛም አይፈለግም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው በሣጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ነው። 650 ቮልት-አምፔር የሚል ያየ ገዢ ቁጥሩ በበዛ መጠን ለብዙ ሰዓት የሚቆይ ይመስለዋል። «ስንት ይይዛል?» የሚለው ጥያቄም ሁለቱን ያደባልቃል። ቁጥሩ የሚናገረው ዕቃው ባንድ ጊዜ የሚሸከመውን ጭነት ነው፤ ጭነቱን ለስንት ጊዜ እንደሚሸከም አይናገርም። አንድ ኩንታል አንሥቶ አሥር እርምጃ የሚሄድ ወዛደርና ግማሽ ኩንታል ተሸክሞ ገበያ የሚደርስ አህያ አይነጻጸሩም። ስለዚህ «የመሸከም ዐቅም» እና «የማቆየት ዐቅም» የሚሉ ሁለት ስያሜዎች እንዲለመዱ ያስፈልጋል። የመሸከም ዐቅሙም ቢሆን በቮልት-አምፔር የተጻፈው በዋት ሲለወጥ ይቀንሳል፤ በትንንሾቹ ዕቃዎች 650 የተባለው ብዙ ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው።

የማቆየት ዐቅም የሚገኘው ከባትሪው ነው። በአነስተኛ መጠባበቂያ ውስጥ በብዛት የሚገኘው የ12 ቮልትና የ7 አምፔር-ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ነው። ሁለቱን ብናባዛ 84 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ኮምፒዩተሩና ስክሪኑ በአንድነት 120 ዋት ቢፈልጉ በወረቀት ላይ 42 ደቂቃ ይደርሳል። በተግባር ግን 7 አምፔር-ሰዓት የተባለው ባትሪው በ20 ሰዓት ቀስ ብሎ ሲራገፍ የሚሰጠው ነው፤ በጥድፊያ ሲራገፍ ግማሹን ያህል ቢሰጥ ነው፤ ከዚያም ላይ ለመለወጫው የሚባክን አለ። ስለሆነም አዲስ ባትሪ እንኳ ከ20 ደቂቃ ብዙ አያልፍም። በዚሁ ላይ ሌዘር ማተሚያ የሚሰካ ሰው ደግሞ ዕቃው ጮኾ ሲጠፋበት ሊገረም አይገባውም፤ ማተሚያው ቀለሙን በሙቀት የሚያጣብቅ በመሆኑ ለአፍታ ከኮምፒዩተሩ ብዙ እጥፍ ኃይል ይስባል። ማተሚያው ከግድግዳው ይሰካ።

ይህን ያህል ደቂቃ ለምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፣ ጥቅሙ ጽሑፉን አስቀምጦ ኮምፒዩተሩን በደንቡ ለመዝጋት ነው። ለዚህ አምስት ደቂቃም ይተርፋል። ብዙዎቹ መጠባበቂያዎች ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚያገናኝ ገመድ ስላላቸው፣ ሰው በሌለበት ባትሪው ሊያልቅ ሲል ኮምፒዩተሩ ራሱን እንዲዘጋ ማድረግ ይቻላል፤ ገመዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከነፕላስቲኩ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ሥራን ለሰዓታት መቀጠል የሚፈልግ ሰው የሚያስፈልገው ሌላ ነው። በ2001 ዓ.ም. እና የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ በቀነሰበት በ2011 ዓ.ም. እንደነበረው ያለ ፈረቃ ሲታወጅ፣ የማይታወቀው ድንገተኛነቱ ይቀርና የሰዓቱ ርዝመት ይመጣል። ያን ጊዜ የሚጠቅመው ትልቅ ባትሪ፣ ጄኔሬተር ወይም የራሱ ባትሪ ያለው ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር ነው። ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኘው ዕቃ ብቻውን 12 ዋት ያህል ስለሚበቃው፣ ለእርሱ የተለየች ትንሽ ባትሪ ለሰዓታት ታቆየዋለች።

የእርሳስ ባትሪ ዕድሜ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው። ሙቀት ጠላቱ ነው፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ስለዚህ አዲስ አበባ አራት ዓመት ያገለገለው ድሬዳዋ ወይም ጋምቤላ ሁለት ዓመት ላይሞላ ይችላል። ሳይሞላ የተቀመጠ ባትሪም በራሱ እየደከመ ስለሚሞት፣ በመጋዘን ዓመት የከረመውን በአዲስ ዋጋ መግዛት ኪሳራ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ሥራን አስቀምጦ መጠባበቂያውን ከግድግዳ መንቀልና ምን ያህል እንደሚያቆይ በሰዓት ማየት። ያለቀው ባትሪ እርሳስና አሲድ ያለበት ስለሆነ ከቆሻሻ ጋር አይጣልም፤ ልጆች በሚጫወቱበትም አይሰበርም።

የቀረው የመሬት መስመር ነው። ንረትን የሚገታው አካል ትርፉን የሚያሸሽበት አንዱ መንገድ፣ የመጠባበቂያው ሽፋን ኮረንቲ እንዳይዝ የሚያደርገውም፣ ወደ መሬት የሚወርደው ሦስተኛው ሽቦ ነው። በብዙ አሮጌ ቤቶች ይህ ሽቦ የለም፤ ሦስት ጥርስ ያለውን ሶኬት በሁለት ቀዳዳ ለማስገባት መሐለኛውን ጥርስ የሚሰብር ሰውም አይጠፋም። ኤሌክትሪክ ሠሪዎች «ኧርዝ» ወይም «ግራውንድ» ይሉታል። «መሬት» ብሎ መተርጎሙ አያስቸግርም ነበር፤ ነገር ግን «መሬት አለው ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ ባለቤቱ ስለ ይዞታው የተጠየቀ ይመስለዋል። ስለዚህ «የመሬት ሽቦ» ሙሉውን መጥራት ይሻላል፤ መጠባበቂያውን ከመግዛት በፊትም ሽቦው መኖሩን በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ማስመርመር ያስፈልጋል።